ወደ ቁሐር የተሸከምሁት የድምፅ ሳጥን

አንድን ሰው አምኜው ሳይሆን ጠርጥሬው ተከትየው ሄጃለሁ። ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ግን ከፎገራ ሜዳ ገና ባልሸሸበት በመስከረም ወር ነው። ያን ጊዜ ወረታ ላይ ከመኪናው መንገድ ዳር አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተከራይቼ አናጢነት የምሠራ ወንደላጤ ነበርሁ። ሙያውን የተማርሁት ጎንደር ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ነው። አልጋ እሠራለሁ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ሰው ሲሞትም የሬሳ ሳጥን እሠራለሁ። ለአንድ መሪጌታ በገና ሠርቼ ስለተመሰገንሁ፣ ከእንጨት ድምፅ ማውጣት የሚችል ልጅ ነው የሚል ወሬ በከተማው ነበር።

ያን ወሬ ሰምቶ ነው ጌታሁን የመጣው። ከጎንደር ከመጣ የጭነት መኪና ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ የተሰነጠቀ ሳጥን እያቃሰቱ አወረዱለትና ከደጄ አስቀመጡት። ሰውዬው ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቀጭን፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ነው። እየተናገረ እንኳ ዓይኑ መንገዱን ይጠብቃል።

«ጎንደር ሆቴል ከሚጫወት ባንድ ጋር ነኝ፤ ቤዝ ጊታር እመታለሁ» አለኝ። «ይህ ሳጥን ድምፄ ነው። ስፒከሩ ደህና ነው፤ እንጨቱ ግን ከመኪና ወድቆ ተሰነጠቀ። አዲስ እንድትሠራልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ብቻውን በትከሻው የሚሸከመው ይሁን። ድምፁ ግን የዚህ የአሮጌው ይሁን።»

«የአሮጌው ድምፅ ምን ዓይነት ነበር?»

ትንሽ አሰበ። «በገና ሠርተሃል አይደል? እንደ በገና ነበር። ጆሮ ሳይሰማው ደረት የሚሰማው።»

ነገሩ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ያለው ግን አላማረኝም። ጀርባው የሚከፈት ይሁን፤ ብሎኖቹ ግን ከውጭ አይታዩ አለኝ። ቁመቱ ከወገቡ በላይ እንዲሆን፣ ውስጡንም በድጋፍ እንጨት እንዳላጣብበው አስጠነቀቀኝ።

«ብሎኑ ለምን አይታይ?» አልሁት።

«ለማማሩ ነው።»

ለማማር የሚጨነቅ ሰው ስለ ቀለሙም ይጠይቃል። እሱ ስለ ቀለም አንድም ቃል አልተናገረም። በልቤ ያዝሁት።

ጌታሁን ከጎረቤቴ ከእትዬ ጥሩነሽ ቤት አልጋ ያዘ። እትዬ ጥሩነሽ ጠላ የሚሸጡ፣ የአገሩን ሰው ሁሉ እስከ ዘር ማንዘሩ የሚያውቁ ሴት ናቸው። እኔ ሥራዬን ጀመርሁ።

መጀመሪያ በኮምፔንሳቶ፣ በዚያ በስሱ ተለጣፊ ጣውላ ሠራሁት። ቀለለ፤ ጌታሁን ግን የጊታሩን ገመድ ሰክቶ አንዴ ሲመታው ሳጥኑ እንደ ልቅ ቆርቆሮ ተንጫጫ። ከጊታሩ ጋር ያመጣትን፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራዋን ትንሽ ማጉያ አጠፋና ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ በወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ሠራሁት። ድምፁ መጣ፤ ክብደቱም አብሮ መጣ። ሁለታችንም አንሥተን አየነውና ሳቅን። ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መፍትሔው የተገኘው ከገበያ ነው። አንድ የሐይቅ ዳር ሰው ታንኳውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ሲሄድ አየሁ። ያ ከሐይቁ ቄጠማ፣ ከደንገል የሚታሰር ታንኳ ውኃ ላይ ስንት ሸክም እንጨት ይጭናል፤ ደርቆ ሲሸከሙት ግን ጭድ ነው። ከሰውዬው የደረቀ ደንገል ለምኜ መጣሁ። ዋንዛውን እንደ ጣት ጥፍር እስኪሳሳ በመላጊያ ላግሁት፤ በሁለቱ ስስ ሳንቃዎች መካከል ደንገሉን ደርድሬ በኮላ አጣበቅሁና ድንጋይ ጭኜበት አሳደርሁት። ውስጡን በአሮጌ ባና አለበስሁት። ከፊት ለፊቱ ከስፒከሩ ሥር ሳጥኑ የሚተነፍስባት ቀዳዳ በሳሁለት።

ጌታሁን ይመታል፤ እኔ ቀዳዳዋን በሞረድ ጥቂት በጥቂት አሰፋለሁ።

«ጨምር» ይላል ዓይኑን ጨፍኖ። «ጨምር። ትንሽ። ተው! ተው በቃ!»

ክሩን አንዴ መታው። ከጠረጴዛዬ ላይ የነበረው የእንጨት ብናኝ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ጥንት የነበረ ዓይነት ነበር። ሳጥኑን በአንድ እጄ አነሣሁት። ጌታሁን ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለአንድ ሳጥን እንዲህ የሚሆን ሰው አላየሁም ነበርና ይህንም ጠረጠርሁት።

«ነገ ወደ ቁሐር ሚካኤል እሄዳለሁ» አለኝ። «አገሬ ነው። አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል። እርጥበት ቢያጣምመው የምታስተካክለው አንተ ነህ።»

አያ ጌታሁን አልሁት፤ ከእኔ ስለሚበልጥ እንዲያ ነበር የምጠራው። «አያ ጌታሁን፣ እዚያ ምን ልትጫወት ነው? ሠርግ አለ?»

«ሽማግሎች ጠርተውኛል» ብሎ ወጣ።

እትዬ ጥሩነሽ ይህን ስነግራቸው የያዙትን ጣሳ አስቀመጡ። «እንዳትሄድ ልጄ» አሉ። «እኔ እስካጣራ ብዬ ዝም ብዬህ ነው። የዚህ ሰው ወንድም ቁሐር ላይ ሰው ገድሎ የጠፋ ነው። ደመኛ አላቸው። ይህም ስንት ዓመት ሙሉ አገሩን ረግጦ አያውቅም። አሁን ምን አግኝቶ ነው የሚሄደው? ወይ ሊሞት ነው፣ ወይ ሊገድል ነው። በየትኛውም ቢሆን አንተ ምን ትሠራለህ?»

ግን ሳጥኑ የእኔ ሥራ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲጮኽ መስማት ፈለግሁ። እውነቱን ለመናገር ደግሞ የሰውዬውን ጉድ ሳላይ መቅረት አልቻልሁም።

በማግሥቱ ጠዋት ጌታሁን ሳጥኑን ከእትዬ ጥሩነሽ ቤት ይዞ ወጣ፤ ያሳደረው ከራሱ ዘንድ ነው። ጊታሩን በጀርባው ሲያስተካክል ልርዳህ ብዬ ሳጥኑን ተቀበልሁት። ከብዷል። በአንድ እጄ ያነሣሁት ሳጥን አልመሰለኝም። እንደ ቀልድ በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አደረግሁት፤ ትናንት እንደ ከበሮ ይመልስ የነበረው ዛሬ ታፍኗል። አንድ ነገር ውስጡ ተኝቶ ግድግዳውን ነክቶታል።

ጌታሁን አየኝ። እኔም አየሁት። «ስጠኝ፣ እኔ እሸከመዋለሁ» ብሎ ወሰደው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይቀር ነበር። እኔ ግን የአናጢነት ዕቃዬን የያዘች ኮሮጆዬን አንጠልጥዬ ከኋላው ሄድሁ።

ከወረታ ወጥተን ወደ ሜዳው ስንገባ ውኃው ከቁርጭምጭሚት ጀመረ፤ ከዚያ ጉልበት ደረሰ። የፎገራ ከብቶች እስከ ሆዳቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። ከአንድ ቦታ ውኃው ሲጠልቅ አንድ ባለታንኳ አሻገረን። ባለታንኳው ሳጥኑን አይቶ «ሬሳ ነው?» አለ። ጌታሁን «ሙዚቃ ነው» ብሎ መለሰለት። ባለታንኳው እንዳወረደን ተመልሶ ቀዘፈ።

የወረድንበት ውኃ ያልዋጠው ጉብታ ነው፤ አንድ ሾላ ቆሞበታል። ዙሪያው ሜዳ፣ ሰው የለም። ከዚህ በኋላ ለቁሐር ብዙ እንደማይቀር አወቅሁ።

«አያ ጌታሁን፣ ሳጥኑን አውርደው።»

«ለምን?»

«ልከፍተው ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አትክፈተው። እስክንደርስ ታገሰኝ።»

«እኔ የሠራሁትን ክብደት አውቃለሁ። ድምፁንም አውቃለሁ። ውስጡ ያለውን ካላየሁ አንድ እርምጃ አልሄድም። ብቻዬን ከተመለስሁ ደግሞ ላገኘሁት ሁሉ ጌታሁን በሳጥኑ ውስጥ የደበቀው ነገር አለ እላለሁ።»

እጁ ወደ ካፖርቱ ኪስ ሲሄድ ሽጉጥ መሰለኝ። ያወጣው መሐረብ ነው። ፊቱን ጠረገበትና ሳጥኑን ቀስ ብሎ ከሾላው ሥር አስቀመጠው። ከኮሮጆዬ ካቻቢቴዬን አውጥቼ እኔ ራሴ የደበቅኋቸውን ብሎኖች ፈታሁ። ጀርባው ሲነሣ በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ወጣ። ነጠላውን ስገልጠው አጭር የጣሊያን ጠመንጃ ነበር።

ወደ ኋላ ሸሸሁ። «ልትገድል ነው የምትሄደው!»

«ቢሆን ኖሮ አናጢ ይዤ እመጣ ነበር?» አለና ከጭቃው ላይ ተቀመጠ። «ወንድሜ ሰው የገደለበት ይህ ነው። በግጦሽ መሬት ተጣልተው የእመት ውባለምን ልጅ ገደለ። ከዚያ መተማ ገብቶ በወባ ሞተ፤ ጠመንጃውን ሰው ወረታ ድረስ ይዞልኝ መጣ። አሁን ሽማግሎቹ ሊያስታርቁን ነው። እመት ውባለም ለእርቁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ የሞተበት ጠመንጃ ከእጄ ይግባ፤ ያ ጠመንጃ በማላውቀው ቤት እስከተሰቀለ ድረስ ሌላውን ልጄን የሚጠብቅ እየመሰለኝ እንቅልፍ የለኝም አሉ።»

«ታዲያ በግልጽ አትይዘውም?»

«በመኪናው መንገድ ፖሊስ ይይዘኛል። በሜዳው ደግሞ ደሳለኝ አለ፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም። እርቁን አልወደደውም። የገዳይ ወንድም ጠመንጃ አንግቶ ሲመጣ ቢያየኝ ሊጨርሰን መጣ ብሎ ይተኩሳል። ማንስ ይፈርድበታል? ይህን የሚያውቁት እመት ውባለምና የደብሩ ቄስ አድማሱ ብቻ ናቸው።»

«ስለ ሳጥኑ የነገርኸኝ ሁሉስ ውሸት ነው?»

«አይደለም። አሮጌው እውነት ተሰብሯል። ድምፄንም እውነት ፈልጌዋለሁ። አንዱን ሳጥን ለሁለት ነገር አዋልሁት፤ ያልነገርሁህ ይህን ነው።»

ያማረ ወሬ ነበር። ያማረ መሆኑ ነው ያስፈራኝ። እውነት ከሆነ ሰውዬውን ብተወው ግፍ ነው፤ ውሸት ከሆነ ብከተለው የነፍሰ ገዳይ አሽከር መሆኔ ነው። እውነቱን የሚነግረኝ ሰው በዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም።

«ተነሥ» አልሁት። «ካፖርትህን አውልቅ።»

አወለቀ። ኪሶቹን፣ መቀነቱን፣ የጊታሩን ልባስ፣ የማጉያውን ከረጢት ፈተሽሁ። ጠመንጃውን ከፍቼ አየሁት። ጥይት የሚባል የለም። እሱ እንደ ሕፃን እጁን ዘርግቶ ቆመልኝ። ያፈርሁት እኔ ነበርሁ፤ ግን ፍተሻዬን አላቋረጥሁም።

ጠመንጃውን መልሼ አስገባሁና ብሎኖቹን አጠበቅሁ። «ከዚህ ወዲያ ሳጥኑን የምሸከም እኔ ነኝ። አንተ ከፊቴ ትሄዳለህ።»

«እሺ» አለ። ጊታሩን አንግቶ ቀደመኝ።

ከቁሐር ሚካኤል ቅጥር ውጭ ከአንድ ዋርካ ሥር ሰዉ ተሰብስቦ ነበር። በአንድ በኩል የጌታሁን ጥቂት ዘመዶች፣ በሌላው በኩል የሟቹ ወገኖች፣ በመካከል ሽማግሎቹና መስቀል የያዙት ቄስ አድማሱ። የሁሉም ጠመንጃ ከአጥሩ ጥግ ተደግፏል። አንድ ሰው ብቻ ጠመንጃውን ከትከሻው አላወረደም። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ጌታሁን ከመሬት ድንጋይ አንሥቶ በማጅራቱ ተሸከመና በሟቹ ወገኖች ፊት ተንበረከከ። ሽማግሎቹ መናገር ሲጀምሩ ደሳለኝ ጮኸ።

«ቆይ! ያ ሳጥን ምንድን ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጌታሁን ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀና አለ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣውም። ቄስ አድማሱን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። የጌታሁን ወሬ እውነት ከሆነ ለምን አይናገሩም?

«አንተ ልጅ፣ አትሰማም? ያ ሳጥን ይፈተሽ!» ደሳለኝ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ዝም ብል እሱ ራሱ ይከፍተዋል፤ ሲከፍተው የሚያየውን ሲያይ ቃል የሚሰማ ጆሮ አይኖረውም። ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጥሁና ሁለት እጄን ከፍ አደረግሁ።

«ከመክፈቴ በፊት ስሙኝ» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ውስጡ ጠመንጃ አለ። ጥይት የለውም፤ እኔ በእጄ ፈትሼዋለሁ። እመት ውባለም ያስመጡት ነው ተብዬ ነው የተሸከምሁት። እውነት ካልሆነ እሳቸው እዚህ ይናገሩ።»

ጫጫታው ተነሣ። የደሳለኝ ጠመንጃ አፍ ወደ ደረቴ ዞረ። ከወገኖቹ መካከል ሁለቱ ወደ አጥሩ ሮጡ። ያን ጊዜ ከሴቶቹ ዘንድ ጥቁር የለበሱ ቀጭን ባልቴት ተነሡ። ቄስ አድማሱ ዝም ያሉት እሳቸውን ሲጠብቁ ኖሯል።

«ደሳለኝ! አውርድ!» አሉ። «እኔ ነኝ ያስመጣሁት።»

«እማዬ!»

«አውርድ አልሁህ። ለአንተ ስል ነው ያስመጣሁት።»

ደሳለኝ አላወረደም፤ ግን የጠመንጃውን አፍ ከደረቴ ወደ መሬት መለሰው። ብሎኖቹን ፈትቼ ጀርባውን አነሣሁ። እመት ውባለም ጠመንጃውን ከነጠላው አውጥተው ሁለት እጃቸው ላይ አስተኙት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄን የገደለች ይህችን የምታህል ናት?» አሉ። ከዚያ ለቄሱ ሰጡ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ትግባ። ወንድ የሚባል አይንካት።»

ጌታሁን ድንጋዩን እንዲያወርድ ሽማግሎቹ አዘዙ፤ መስቀል ተሳለመ። ሰዉ ትንፋሹን መለሰ። እመት ውባለም ግን ባዶውን ሳጥን ያያሉ።

«አንተስ ማነህ?» አሉኝ።

«አናጢ ነኝ እሜቴ፤ ከወረታ ነኝ።»

«ይህን የሠራኸው ለጠመንጃዋ ነው?»

«አይደለም። ለድምፅ ነው የሠራሁት።»

«እስቲ አሰማኝ።»

ጌታሁን ቄሱን አየ፤ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁለት። ጀርባውን መልሼ ገጠምሁ፤ እሱ ገመዱን ሰካ። ጣቶቹ ክሩን ሲነኩት የመጣው የሆቴል ጨዋታ አልነበረም። በጾም በበገና የሚደረደር ዜማ ነበር፤ ቀስ ያለ፣ ከምድር የሚወጣ። አንድ ሽማግሌ በገና የያዘውን ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አሉ። እመት ውባለም ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በሳጥኑ ላይ አሳረፉ። ስሱ ዋንዛ ከእጃቸው ሥር ሲርገበገብ ከአጠገባቸው ሆኜ አየዋለሁ። ከዚያ እንዲሁ እንደቆሙ አለቀሱ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንባ ከዓይናቸው እንዳልወጣ በኋላ ነገሩኝ።

ደሳለኝ እስከ መጨረሻው አልቆየም። ፊቱን አጥቁሮ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ እኔና ጌታሁን ወደ ወረታ ተመለስን። ሳጥኑ በትከሻዬ ላይ እንደገና ጭድ ሆኗል። ከቁሐር ትንሽ እንደራቅን ዞር ስል አንድ ሰው ከኋላችን አየሁ። ጠመንጃ አንግቷል። ስንፈጥን ይፈጥናል፤ ስንቆም ይቆማል።

«ደሳለኝ ነው» አለ ጌታሁን ሳይዞር።

«በእርቅ ማግሥት?»

«ገና ማግሥቱ አልደረሰም» አለኝ።

ውኃውን እያንቦራጨቅን ሄድን። ጀርባዬ ላይ ጥይቱ የሚገባበትን ቦታ ሳይቀር አሰላሁት። ታንኳ ስንሻገር እሱም ከኋላ በሌላ ታንኳ ተሻገረ። አልሮጥንም፤ በዚያ ጭቃ ማን ይሮጣል? የመኪናው መንገድ ሲታየን ጌታሁን ድንገት ዞሮ ቆመ። ደሳለኝ ቀረበን። ልብሱ እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ከዚህ ወዲያ የሚነካችሁ የለም» አለ። «የአጎቴ ልጆች እርቁን እኛ አልሰማንም እያሉ ነበር። መንገድ ይጠብቁ ይሆናል ብዬ ነው። እናቴ እጅዋን ያስቀመጠችበትን ነገር የሚሰብር እንዳይኖር።» ጠመንጃውን ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛወረ። «ጌታሁን፣ ደህና ግባ» አለና ወደ ውኃው ተመለሰ።

ጌታሁን ወደ ባንዱ ተመለሰ፤ ያን ሳጥን የሰሙ ሙዚቀኞች እየመጡ ሲያሠሩኝ እኔም ጎንደር ገብቼ በዚያ ሙያ ቤት ሠራሁ፣ ልጆች አሳደግሁ። ኑሮዬ የተቀየረው በዚያች መንገድ ነው። የተቀየረው ግን ሙያዬ ብቻ አይደለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አትጠርጥሩ አልላችሁም። ያን ቀን ጠርጥሬ ሳጥኑን ባልከፍተው፣ ከዋርካው ሥር የምናገረው ባልነበረኝ ነበር፤ ጌታሁንም እኔም እዚያው በቀረን። ጌታሁንን ጠረጠርሁት፤ ግን ፊት ለፊቱ ቆሜ ክፈት አልሁት፤ መልሱንም ሰማሁ። ደሳለኝን ደግሞ ጠረጠርሁትና ዝም አልሁ። ዛሬ ሰው ሲያጠራጥረኝ ሄጄ እጠይቀዋለሁ፤ አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ አንዳንዱ ይስቅብኛል። ይሁን። በዚያ ሜዳ ላይ ከኋላዬ ይመጣ የነበረውን ሰው ዞር ብዬ «ምን ፈልገህ ነው?» ብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሁሉ ውኃ ሦስታችን እያወራን በተሻገርነው ነበር።